ያቺ ቀይ ነጥብ ብርሃኗን ከየት አመጣችው?

ጥያቄ፣ ከዳላስ ቴክሳስ

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። በ2024 ኤፕሪል 8፣ በኛ መጋቢት 30 መሆኑ ነው፣ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትጋረድ ከልጆቼ ጋር የሱቅ ፓርኪንግ ላይ ቆመን አየን። ድርግም ሲል የግርዶሽ መነጽሩን አውልቀን ስናይ ከጥቁሯ ክብ ታችኛው ጠርዝ ላይ እንደ ፍም የምታበራ ወደ ሮዝ የሚወስዳት ቀይ ነጥብ ነበረች። ትንሹ ልጄ "እማዬ እሳት ነው?" አለኝ፣ እኔም አዎ አልኩት። በኋላ ስጎለጉል ስሟ ፕሮሚነንስ እንደሆነ፣ ተመራማሪዎችም ብርሃን በውስጧ እንዴት እንደሚያልፍ በኮምፒውተር ሞዴል እንደሚያሰሉ አነበብኩ። ግራ የገባኝ ይሄ ነው፣ በአይናችን ያየናትን፣ ቴሌስኮፕ ፎቶ የሚያነሳትን ነገር ኮምፒውተር ምን ሊጨምርባት ነው? ደግሞስ ለልጄ እሳት ነው ያልኩት ልክ ነበርኩ?

መልስ

እህቴ፣ እንኳን አየሻት! ስንቱ ሰው እድሜውን ሙሉ ሳያያት ያልፋል፣ እኔ ራሴ ስንት አመት በኮምፒውተር ስሰራባት ቆይቼ በአይኔ ያየኋት አንዴ ብቻ ነው። የልጅሽን ጥያቄ ላስቀድም፣ እሳት አይደለም። እሳት እንዲኖር የሚነድ ነገርና ኦክስጅን ያስፈልጋል፣ እዛ ላይ ግን የሚነድ ነገር የለም። ያያችኋት በአብዛኛው ሃይድሮጅን የሆነች፣ ከፀሐይ ገጽ በላይ በማግኔቲክ ፊልድ ተንጠልጥላ የቆመች የጋዝ ደመና ናት። ደመና ናት ብለሽ ብትነግሪው ከእሳት ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል፣ ከመሬት የምትበልጥ ደመና እንደሆነች ጨምሪበት፣ ልጆች እንደዚህ አይነት ነገር አይረሱም።

ሙቀቷ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ዙሪያዋን የከበባት ኮሮና፣ በሽታውን ሳይሆን ግርዶሹ ላይ እንደ ነጭ ጸጉር ተበትኖ ያያችሁትን የፀሐይ አክሊል ነው የምለው፣ ከ1 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ እሷ ግን 8 ሺህ ዲግሪ ገደማ ናት። እንግዲህ በጋለ ምድጃ ውስጥ ሳይቀልጥ ቀናትና ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት የሚቆይ በረዶ በይው። ጋዟ ከዙሪያዋ ካለው ወደ 100 እጥፍ የታመቀ ነው፣ ሆኖም እኛ ከምንተነፍሰው አየር ጋር ሲወዳደር ባዶ ቦታ ነው ማለት ይቻላል፣ ይሄን ያዢልኝ ምክንያቱም የኮምፒውተሩ ጣጣ በሙሉ የሚመጣው ከዚህ ስስነቷ ነው።

አሁን ወደ ብርሃኗ እንምጣ። ያየሽው ቀይ ብርሃን በአብዛኛው የራሷ አይደለም፣ ከስሯ ካለችው ፀሐይ የተቀበለችው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሌሊት ተጉዘሽ የምታውቂ ከሆነ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ምን እንደሚሆን ታስታውሻለሽ፣ የመኪናው መብራት ጉሙ ላይ ሲያርፍ ፊትሽ ነጭ ግድግዳ ይቆማል፣ ጉሙ ራሱ የሚያበራ ይመስላል፣ ሹፌሩ ረጅሙን መብራት ሲያጠፋ ግን ግድግዳው ወዲያው ይደበዝዛል። ጉሙ የሰራው ነገር ቢኖር የመጣለትን ብርሃን ተቀብሎ በየአቅጣጫው መበተን ብቻ ነው። ፕሮሚነንስም እንደዛው ናት፣ ልዩነቱ ጉም ሁሉንም ቀለም እኩል ሲበትን ሃይድሮጅን ግን መራጭ መሆኑ ነው። ከሚመጣለት የፀሐይ ብርሃን ውስጥ የሞገድ ርዝመቷ 656.28 ናኖሜትር የሆነችውን ቀይ ይይዛል፣ እሷ ኤች አልፋ ትባላለች፣ ከዛ ሰማያዊና ሐምራዊ መስመሮችም አሉት፣ እነሱ ከቀዩ ጋር ሲደባለቁ ነው አይንሽ ሮዝ ያለው።

ይቺው ደመና ፀሐይ ስትሽከረከር ከጠርዝ ወደ ፊት ለፊት ብትመጣስ ምን ትመስላለች? ጥቁር ክር! ስሟም ይለወጣል፣ ያኔ ፊላመንት ይሏታል፣ ግን ያው ራሷ ናት። ጠርዝ ላይ ከኋላዋ ጨለማ ስላለ የበተነችው ብርሃን ይታያል፣ ፊት ለፊት ስትሆን ግን ወደ እኛ ይመጣ የነበረውን ቀይ ብርሃን ይዛ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለምትወረውረው በእኛ በኩል ይጎድላል። አንድ ነገር፣ በአንድ ሙቀት፣ አንዴ ደማቅ አንዴ ጥቁር። እንግዲህ ፎቶውን አይተሽ "ደማቅ ስለሆነች ሞቃት ናት" ብትዪ የት እንደምትወድቂ ይታይሽ። ሰው የብረትን ግለት በቀለሙ ያውቃል፣ በፕሮሚነንስ ላይ ግን ይሄ አይሰራም፣ ድምቀቷ ስለሷ ብቻ ሳይሆን ስላበራባት ፀሐይ፣ ስለ ከፍታዋ፣ ስለ ውፍረቷ፣ ስለ ፍጥነቷ ሁሉ በአንድ ላይ ነው የሚናገረው። ኮምፒውተሩ የሚጨምረው እንግዲህ ይሄን የተደባለቀ ወሬ መለየት ነው።

ለምን በእጅ ስሌት አይሆንም ትዪ ይሆናል። ነገሩ የዶሮና የእንቁላል ነው። አንድ የሃይድሮጅን አቶም ኤች አልፋን መያዝ የሚችለው ኤሌክትሮኑ ሁለተኛው የኢነርጂ ደረጃ ላይ ካለ ብቻ ነው፣ እዛ ደረጃ ላይ የሚያወጣው ደግሞ በዋናነት ላይመን አልፋ የምትባል 121.6 ናኖሜትር ላይ ያለች በአይን የማትታይ አልትራቫዮሌት ብርሃን ናት። ስለዚህ በየቦታው ስንት አቶም በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ለማወቅ እዛ ቦታ ላይ ያለውን ብርሃን ማወቅ አለብሽ፣ ብርሃኑን ለማወቅ ደግሞ ከጎን፣ ከላይ፣ ከታች ያሉት አቶሞች ምን ያህሉን እንደያዙና እንደለቀቁ ማወቅ አለብሽ፣ እነሱም በተራቸው ካንቺ ቦታ የሚወጣውን ብርሃን ይጠብቃሉ። ጋዙ የታመቀ ቢሆን አቶሞቹ እርስ በርስ ስለሚጋጩ ሙቀቱ ብቻ ይወስንላቸውና እንገላገል ነበር፣ እዚህ ግን ግጭት ብርቅ ስለሆነ አዛዡ ብርሃን ነው። የደመናዋ አንዱ ጥግ ከሌላው ጥግ ጋር በብርሃን የተሳሰረ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ላይ ነው መፍታት ያለብሽ።

ከዚህ ሁሉ እኔን ሁሌ የሚደንቀኝ የሂሊየም ታሪክ ነው። በ1868 ኦገስት 18፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከተሰዉ አራት ወር በኋላ መሆኑ ነው፣ በኤደንና በህንድ በኩል ያለፈ ሙሉ ግርዶሽ ነበር፣ ፈረንሳዊው ዣንሰን ህንድ ጉንቱር ላይ ሆኖ የፕሮሚነንስን ብርሃን ስፔክትሮስኮፕ በሚባል ብርሃንን ወደየቀለሙ በሚለይ መሣሪያ ሲከፍለው ደማቅ መስመሮች አየ፣ ጋዝ መሆኗ የታወቀው በዚያ ግርዶሽ ነው። በነጋታው ደግሞ ያለ ግርዶሽም ሊያያት እንደሚችል ደረሰበት። እንግሊዛዊው ሎክየርም በዚያው አመት ኦክቶበር ላይ ያለ ግርዶሽ አያት። ከመስመሮቹ ውስጥ አንዷ ቢጫ፣ 587.6 ናኖሜትር ላይ ያለችው፣ መሬት ላይ ካለ ከማንኛውም ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም አለች፣ ሂሊየም የተባለው ያ ነው፣ ኬሚስቱ ራምሴይ መሬት ላይ ያገኘው በ1895 ነው። አሁን እዚህ ጋር ቆም በይና አስቢ፣ ሂሊየም ግትር አቶም ነው፣ ቢጫዋን መስመር እንዲሰጥ ኤሌክትሮኑን በጣም ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፣ 8 ሺህ ዲግሪ ለዛ አይበቃም። ታዲያ እንዴት በራች? ሞዴሎቹ የሚያሳዩት ከሚሊዮን ዲግሪው ኮሮና የሚመጣ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሂሊየሙን መትቶ ኤሌክትሮኑን እንደሚነቅለው ነው፣ የተነቀለው ኤሌክትሮን ተመልሶ ሲገባ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፣ በመንገዱም ላይ ቢጫዋን ይለቃል። ያቺ መስመር እንግዲህ ደመናዋ ላይ ብትታይም ያበራት ከውጭ የመጣ ብርሃን ነው። ይሄን አይን አይነግርሽም፣ ፎቶም አይነግርሽም፣ ስሌት ነው የነገረን።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፣ እንቅስቃሴዋ። ፕሮሚነንስ አንዳንዴ ሚዛኗን ስታ ትነሳና በሰከንድ በመቶዎች ኪሎሜትር ትወረወራለች። ስትሮጥ የፀሐይን ብርሃን የምታየው በዶፕለር ተሸጋሽጎ፣ ማለትም በሩጫዋ ምክንያት ቀለሙ ትንሽ ተለውጦ ነው፣ በሰከንድ 100 ኪሎሜትር ብትሄድ ኤች አልፋ በ0.22 ናኖሜትር ትሸጋሸጋለች። ትንሽ ይመስላል ግን ለውጡ ትልቅ ነው፣ ምክንያቱም የፀሐይ ብርሃን ልክ ኤች አልፋ ላይ ጉድጓድ አለው፣ አጠገቡ ካለው ብርሃን ስድስት አንዱ ያህል ብቻ ነው የሚቀረው፣ ደመናዋ ስትንቀሳቀስ ከጉድጓዱ ወጥታ ደማቁን ብርሃን ትቀበላለችና በኤች አልፋ ትደምቃለች። ላይመን አልፋ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ እዛ የፀሐይ ብርሃን ኮረብታ እንጂ ጉድጓድ ስላልሆነ ስትሮጥ ከኮረብታው ወርዳ ትደበዝዛለች። በአንድ ሰአት፣ በአንድ ምክንያት፣ በአንድ ቀለም ደምቃ በሌላው ትደበዝዛለች፣ ሞዴል የሌለው ሰው ይሄን ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ቢያይ ምን ይል ይሆን? አንዷ ሞቀች ሌላዋ ቀዘቀዘች ነው የሚለው።

ጥያቄ፣ ከባህር ዳር

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ፊዚክስ ብዙም አልዘለቅኩም ግን ሲሙሌሽን እወዳለሁ። የፀሐይ ደመና ውስጥ ብርሃንን የሚያሰላ ኮድ በትክክል ምንድነው ደጋግሞ የሚያሰላው? ሱፐርኮምፒውተር ከሌለስ በላፕቶፕ መጀመር ይቻላል?

መልስ

ወንድሜ፣ በላፕቶፕ በደንብ ይጀመራል፣ እኔም የጀመርኩት በላፕቶፕ ነው። ከላይ ለዳላሷ እህታችን የሰጠሁትን መልስ አንብበውና እዚህ ቀጥል።

የመጀመሪያው ሞዴል ፕሮሚነንሷን ልክ እንደቆመ ሳንቃ ያስባታል፣ ከፀሐይ ገጽ በላይ በቁሟ የቆመች፣ በሁለቱም ጎኗ ፀሐይ የምታበራባት። የምትሰጠው ጥቂት ቁጥር ነው። እኔ ማስተርሴን ስሰራ የተጠቀምኩት 8 ሺህ ኬልቪን ሙቀት፣ 1 ሺህ ኪሎሜትር ውፍረት፣ 10 ሺህ ኪሎሜትር ከፍታ፣ 0.01 ፓስካል ግፊት ነበር፣ ግፊቱ ባህር ጠለል ላይ ካለው አየር 10 ሚሊዮን ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ከዛ ሳንቃውን በስሱ ትቆራርጠዋለህ፣ ሃይድሮጅኑ 5 ደረጃና አንድ አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ የተነቀለበት አቶም፣ ይኖረዋል፣ ኮዱም ሁለት ስራ እየተፈራረቀ ይሰራል፣ አቶሞቹን ይዞ በየቦታው፣ በየአቅጣጫው፣ በየቀለሙ ብርሃኑን ያሰላል፣ ያንን ብርሃን ይዞ ደግሞ አቶሞቹን በየደረጃቸው እንደገና ይደለድላል፣ መልሶ ብርሃኑን፣ መልሶ አቶሞቹን። መልሱ መለወጥ ሲያቆም ጨረስክ ማለት ነው።

ነው ብዬ አስብ ነበር። የመጀመሪያ ኮዴን የጻፍኩት ልክ እንዲህ ነበር፣ ማታ አስነስቼው ተኛሁ፣ ጠዋት ሳየው ከ300 ዙር በኋላ ለውጡ ከሺህ አንድ በታች ወርዷል፣ ግራፉም ለስላሳ፣ ውብ። ደስ ብሎኝ ለአማካሪዬ ወሰድኩ። እሱ ግራፉን እንኳን በደንብ ሳያይ "መነሻህን ቀይርና አምጣው" አለኝ። የመጀመሪያውን ከጨለማ ነበር ያስነሳሁት፣ ሁለተኛውን ሙቀቱ ብቻ ይወስናል ከሚለው ከደማቁ ጫፍ አስነሳሁት፣ እሱም ከ300 ዙር በኋላ ቆመ፣ ለውጡም ከሺህ አንድ በታች፣ ግን ሁለቱን ግራፎች ስደርባቸው ጭራሽ አይገናኙም! ሁለቱም ቆመናል ይላሉ፣ ሁለቱም ገና መንገድ ላይ ናቸው። ያን ቀን የተማርኩትን እስከዛሬ አልረሳሁትም፣ አንድ ኮድ መለወጥ ስላቆመ ደርሷል ማለት አይደለም፣ እየተሳበ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ ራሱ ፊዚክሱ ውስጥ ነው። በዚህ አሰራር አንድ ዙር ማለት ለፎቶኑ፣ ለብርሃን ቅንጣቱ ማለቴ ነው፣ አንድ ዝላይ ማለት ነው፣ አንድ አቶም ለቆት ሌላው ያዘው። ላይመን አልፋ ላይ ደመናዋ በጣም ድፍን ስለሆነች ፎቶኑ ከመውጣቱ በፊት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይያዛል፣ ይለቀቃል፣ ስለዚህ ኮድህም በመቶ ሺዎች ዙር ሊዞር ነው። መፍትሄው ይሄን ብርሃኑንና አቶሞቹን እያፈራረቁ የማስላት አሰራር፣ ላምዳ ኢተሬሽን የሚሉትን፣ ማፋጠን ነው። አብዛኛው ፎቶን የሚያዘው ከተለቀቀበት እዛው ቦታ አጠገብ ነው፣ ያንን እዛው የሚዞረውን ክፍል ዙር ሳትቆጥርለት በቀጥታ እኩልታው ውስጥ አስገብተህ በአንዴ ትፈታዋለህ፣ ለዙሩ የምትተወው ራቅ ብሎ የሚሄደውን ብርሃን ብቻ ነው። ሪቢኪና ሀመር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1991 ይሄን ብዙ ደረጃ ላለው አቶም አመቻችተው ያወጡት ዘዴ አሁንም በየኮዱ ውስጥ አለ። እኔም እሱን ሳስገባ በጥቂት አስር ዙሮች ደረሰ፣ ከጨለማ ብነሳም ከብርሃን ብነሳም አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። ያንን ፈተና አሁን ለማንኛውም ተማሪ እላለሁ፣ ከሁለት ጫፍ አስነሳው።

ጉዟችን ግን ሳንቃው ላይ አያበቃም። በ1993 ጉትብሮዝ፣ ሃይንዘልና ቪያል 140 እንደዚህ አይነት የሳንቃ ሞዴሎችን አስልተው የሃይድሮጅኑን ብርሃን በሰንጠረዥ አወጡ፣ ለብዙ ጊዜ ቴሌስኮፕ ላይ ያለው ሰው የለካውን ይዞ ከእነሱ ጋር ሲያመሳክር ኖሯል። ችግሩ እውነተኛዋ ፕሮሚነንስ ሳንቃ አይደለችም፣ ቀጫጭን ክሮች ተደራርበው ነው የሚታዩት፣ አንዱ ክር ሌላውን ያጋርደዋል፣ ያበራለታልም። ወደ ሁለትና ሦስት ዳይሜንሽን ስትሄድ ስሌቱ ይፈነዳል፣ ብርሃኑን የምታሰላባቸውን አቅጣጫዎች ቀንሰህ ላቅልለው ካልክ ደግሞ ከእያንዳንዱ ደማቅ ክር እንደ ኮከብ ጨረር የሚወጣ የሌለ መስመር ምስልህ ላይ ይታያል፣ እውነት መስሎህ እንዳትታለል።

አንተን የሚያስደስትህ እዚህ ጋር ነው፣ ከጨዋታ ነው መፍትሄ የመጣው። ለቪዲዮ ጌም መብራት የተፈጠረ ራዲያንስ ካስኬድስ የሚባል ዘዴ አለ፣ ሀሳቡ ቅርብ ያለውን ብርሃን ለማወቅ ቦታውን በስሱ መቁረጥ እንጂ ብዙ አቅጣጫ አያስፈልግም፣ ለሩቁ ብርሃን ደግሞ ብዙ አቅጣጫ ያስፈልጋል ቦታውን ግን በስሱ መቁረጥ አያስፈልግም የሚል ነው። የጌም መብራት ባለሙያውና የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የፀሐይ ተመራማሪ አንድ ላይ ሆነው ለዚሁ ስሌት አዋሉት፣ በጂፒዩ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ የግራፊክስ ፕሮሰሰር ላይ ይሮጣል፣ እነዚያ የውሸት ጨረሮችም ይጠፋሉ። ስለዚህ ፊዚክስ አልዘለቅኩም ብለህ ራስህን አታርቅ፣ ይሄ ሙያ ያንተ አይነት ሰው በጣም ነው የሚፈልገው። ለመነሻ ላይትዊቨር የሚባለውን በፓይተን የሚነዳ ክፍት ኮድ አውርድ፣ በ2021 ነው የወጣው፣ ላፕቶፕህ ላይ ይሮጣል። ግን እሱን ከመክፈትህ በፊት ሁለት ደረጃ ብቻ ላለው አቶም የራስህን ኮድ ጻፍ፣ መቶ መስመር አይሞላም፣ እዛ ላይ ያልገባህ ነገር ትልቁ ኮድ ውስጥ አይገባህም።

ጥያቄ፣ ከጂዳ

እኔ በስራ ምክንያት ሳውዲ ነው ያለሁት። እዚህ በኛ በኩል ግርዶሽ ይመጣል ሲሉ ሰማሁ። ያቺን ቀይ ነገር እኔስ ማየት እችላለሁ?

መልስ

ትችላለህ ወንድሜ፣ ያለህበት ቦታ የታደለ ነው። በ2027 ኦገስት 2፣ በኛ ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ ሙሉ ግርዶሹ ከስፔንና ከሞሮኮ በኩል ተነስቶ በግብፅ ሉክሶር አድርጎ በጂዳና በመካ ያልፋል፣ ወደ የመንና ሶማሊያ ይቀጥላል። ጂዳ ላይ ጨለማው ከ5 ደቂቃ በላይ ይቆያል፣ ይሄ ለግርዶሽ ብዙ ነው፣ የዳላሶቹ አራት ደቂቃ እንኳን አልሞላላቸውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ላሉት ግን በከፊል ብቻ ስለሆነ እነሱ መነጽሩን አንድ ጊዜም ማውለቅ የለባቸውም፣ ቤተሰብህ ጋ ስትደውል ይሄን ንገራቸው።

ፕሮሚነንስ በዚያ ቀን የት ጠርዝ ላይ እንደምትቆም ከአሁኑ የሚናገር የለም፣ ቀኑ ሲቃረብ ግን በኤች አልፋ የተነሱ የፀሐይ ፎቶዎችን ብታይ ጠርዙ ላይ የቆመች ካለች ቀድመህ ታውቃለህ። መነጽሩን የምታወልቀው የመጨረሻዋ የፀሐይ ጭላንጭል ከጠፋች በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ነጩን አክሊል ተወውና መጀመሪያ የጥቁሩን ክብ ጠርዝ ዙሪያውን በአይንህ ዙር፣ ጨረቃ እየተንቀሳቀሰች ስለሆነ በአንድ በኩል ያሉትን እየሸፈነች በሌላው በኩል ያሉትን ትገልጣለች። ቢኖኩላር ካለህ ጨለማው ላይ ብቻ ተጠቀምበት። በሌላኛው ጠርዝ ብርሃን ብልጭ ስትል ቢኖኩላሩን አውርድና መነጽርህን መልስ።